በሲቪላይዜሽን 6 ምኒልክን ይዞ ለሚጫወት ሰው የትኛው የመንግሥት ዓይነት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ኮረብታዬ

ጤና ይስጥልኝ። በሲቪላይዜሽን 6 የኮምፒዩተር ጨዋታ ዳግማዊ ምኒልክን መርጬ ኢትዮጵያን እየመራሁ ነው፤ የማልመውም የባህል ድል፣ ማለትም በባህልና በቱሪዝም ማሸነፍ ነው። ከተሞቼን በተቻለኝ መጠን ኮረብታ ላይ እቆረቁራለሁ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው የእምነት ነጥብ 15 በመቶው ተሰልቶ በሳይንስም በባህልም ስለሚጨመርልኝ፣ አጨዋወቴ ሁሉ እምነትን ወደ ማሳደግ አዘንብሏል።

መወሰን ያቃተኝ የመንግሥት ምርጫ ነው። ፖለቲካል ፊሎሶፊ የተባለውን ሲቪክ (በባህል ነጥብ የሚገኝ ዕውቀት) ለመጨረስ ጥቂት ዙሮች ቀርተውኛል፤ ያን ጊዜ ክላሲካል ሪፐብሊክ፣ ኦሊጋርኪ እና አውቶክራሲ በአንድ ላይ ይከፈቱልኛል። ያነበብኳቸው ምክሮች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንዱ ምንም ዓይነት ሥልጣኔ ቢይዙ ኦሊጋርኪ ይቅደም ይላል። ሌላው ደግሞ እምነት የሚያመርት ሥልጣኔ በቀጥታ ወደ ቴኦክራሲ መገስገስ አለበት ብሎ ይከራከራል፤ ምክንያቱን ሲያስረዳም በእምነት ነጥብ ወታደር መግዛት የሚቻለው በቴኦክራሲ ሥር ብቻ ነው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ፣ መሀል ላይ ያለውን ሞናርኪን ዘልዬ ቴኦክራሲን መጠበቅ ይኖርብኛል ማለት ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያ መንግሥታት የትኛውን ልያዝ? ከዚያስ ወደ የትኛው ልሻገር? ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ገበጣ

ምክሮቹ የሚጋጩት፣ እኔ እንደማየው፣ ጸሐፊዎቹ የተጫወቱት አንድ ዓይነት ሕግ ባለው ጨዋታ ስላልሆነ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ቴኦክራሲ የምድር ጦር በእምነት ነጥብ መግዛትን በእርግጥ ይፈቅድ ነበር። በ2018 ራይዝ ኤንድ ፎል፣ በ2019 ደግሞ ጋዘሪንግ ስቶርም የተባሉት ማስፋፊያዎች ከመጡ በኋላ ግን የመንግሥት አደባባይ የሚባለው ዲስትሪክት (በከተማ ዙሪያ የሚሠራ ልዩ ሰፈር) ተጨመረ፤ ወታደር በእምነት የመግዛት መብትም በዚያ አደባባይ ወደሚሠራው ግራንድ ማስተርስ ቻፕል ተዛወረ። በጋዘሪንግ ስቶርም ቴኦክራሲ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ በእምነት በሚፈጸም ግዢ ላይ የ15 በመቶ ቅናሽ፣ አስተዳዳሪ በተሾመበት ከተማ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 0.5 የእምነት ነጥብ፣ እንዲሁም በሃይማኖት ክርክር ጊዜ 5 ተጨማሪ ኃይል ያስገኛል። በ2020 የወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ማስፋፊያ ባይኖርም የሚሠራ በመሆኑ፣ ምኒልክን በአሮጌው ሕግ የሚጫወቱም በአዲሱ ሕግ የሚጫወቱም ሰዎች አሉ፤ የሚጽፉት ምክር ግን የትኛውን ሕግ እንደተከተለ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የእርስዎ ጨዋታ ማስፋፊያው አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ከሌለው ያነበቡት ምክር ትክክል ነውና ቴኦክራሲን ይጠብቁ። ካለው ደግሞ ምክሩ ጊዜው አልፎበታል፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ማስፋፊያው እንዳለዎት በመገመት ነው።

አዲሱን ቴኦክራሲ ከምኒልክ ችሎታ ጋር አገናኝተን እናስላው። 12 ነዋሪና አንድ አስተዳዳሪ ያለው ከተማ 6 የእምነት ነጥብ ይጨምርልዎታል። ከተማው ኮረብታ ላይ ከሆነ የዚህ 15 በመቶ 0.9 ሳይንስና 0.9 ባህል ይሆናል። ሰባቱንም አስተዳዳሪዎች ሾመው ሰባቱም ከተሞች 12 ነዋሪ ይኑራቸው ብንል እንኳ፣ ድምሩ 42 እምነት፣ 6.3 ሳይንስ እና 6.3 ባህል ነው። አይናቅም፤ ነገር ግን ዙሪያውን አምስት ኮረብታ ወይም ተራራ ያለው አንድ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን (ኢትዮጵያ ብቻ የምትሠራው የመሬት ማሻሻያ) ብቻውን 6 የእምነት ነጥብ ይሰጣል፤ ይህም የአንድ ባለአስተዳዳሪ ከተማን ጭማሪ ያህላል ማለት ነው፤ ለእሱ ደግሞ ምንም ዓይነት የመንግሥት ለውጥ አያስፈልግም። ፍላይት የተባለው ቴክኖሎጂ ከተገኘ በኋላም ያው ቤተ ክርስቲያን በእምነቱ ልክ ቱሪዝም ያመጣልዎታል። ለዚህም ነው ቴኦክራሲ ምኒልክን ምኒልክ የሚያደርገው መንግሥት ነው የሚለውን አስተያየት የማልቀበለው። እምነቱን የሚያመጣው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ መንግሥቱ የሚጠቅመው እምነቱ ከተጠራቀመ በኋላ አወጣጡን ለማሳመር ነው።

ለመጀመሪያው ደረጃ ክላሲካል ሪፐብሊክን እመርጣለሁ። በዚህ ደረጃ ሁሉም መንግሥታት አራት አራት የፖሊሲ ካርድ ቦታ አላቸው፤ ልዩነቱ በክፍፍሉ ላይ ነው። ክላሲካል ሪፐብሊክ ሁለት የኢኮኖሚ፣ አንድ የዲፕሎማሲ እና አንድ ዋይልድካርድ (ማንኛውንም ዓይነት ካርድ የሚቀበል) ቦታ ይሰጣል። ስክሪፕቸር የተባለው፣ የቅዱስ ስፍራ ዲስትሪክት ከአጎራባች ቦታዎች የሚያገኘውን የጉርብትና ጭማሪ እጥፍ የሚያደርገው ካርድ የኢኮኖሚ ካርድ ነው፤ አንድ የኢኮኖሚ ቦታ ብቻ ባለው መንግሥት ሥር ይህን ካርድ ሲያስገቡ ለግንበኛም ሆነ ለሌላ ልማት የሚሆን ቦታ ይጠፋል። በተጨማሪም ዲስትሪክት ያለው ከተማ ሁሉ አንድ መኖሪያና አንድ ምቾት ያገኛል፤ የታላላቅ ሰዎች ነጥብም በ15 በመቶ ያድጋል። ይህ የመጨረሻው ሃይማኖት ለመመሥረት የሚያስፈልገውን የታላቁን ነቢይ ሽሚያ ገና ላልጨረሰ ተጫዋች ትንሽ ዕድል ይጨምርለታል።

መልስ፦ ዘብ ጠባቂ

ወንድም ገበጣ ስለ ሕጎቹ ልዩነት የጻፉት ትክክል ነው፤ በክላሲካል ሪፐብሊክ ላይ ግን አልስማማም። ያ መንግሥት አንድም የወታደራዊ ካርድ ቦታ የለውም። ዋይልድካርዱ ላይ ወታደራዊ ካርድ ማስገባት ይቻላል ቢባል፣ ያን ጊዜ የተመሰገነው የቦታ ብልጫ ራሱ አብሮ ይሄዳል። ምኒልክን የያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ምርቱን በቅዱስ ስፍራና በቤተ መቅደስ ላይ ስለሚያውል ጦሩ ቀጭን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚመራቸው ጎረቤቶች ደግሞ ቀጭን ጦር ሲያዩ አያልፉም።

ኦሊጋርኪ ለእግረኛ፣ ለፀረ ፈረሰኛ እና በቅርብ ለሚዋጉ መርከቦች 4 የውጊያ ኃይል ይጨምራል። ምኒልክ በበኩሉ ኮረብታ ላይ ለቆመ ለማንኛውም ጦር 4 ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ ኮረብታ ላይ የቆመ ጦረኛ 8 ተጨማሪ ኃይል ይዞ ይዋጋል፤ በዚያ ዘመን 8 ማለት በሁለት ጦር አራት ጦር ማስቆም ማለት ነው። አንድ ከተማ ከተወሰደ በኋላ ስለ መኖሪያና ስለ ምቾት መነጋገር ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጥሩ ይጠበቅ፣ እርሻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አውቶክራሲን ማንም እንዳልመከረው አያለሁ፤ ባይመከርም አይጎዳም። ለድንቅ ሕንፃዎች የሚሰጠው የ10 በመቶ ማበረታቻ ላሊበላን የመሰለ ነገር በየኮረብታው ለመሥራት ለሚያስብ ሰው አያጓጓም፤ ፍልፍሉ ቤተ ክርስቲያን ድንቅ ሕንፃ ሳይሆን በግንበኛ የሚሠራ ማሻሻያ ስለሆነ ማበረታቻው አይመለከተውም።

መልስ፦ ኮረብታዬ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጋዘሪንግ ስቶርም አለኝ፤ ሚስጥራዊ ማኅበራት የሚባለውን ሁነታ ግን አላበራሁትም። የጨዋታው የክብደት ደረጃ ኢምፐረር ነው። በስተ ምዕራብ ተራሮች ይከልሉኛል፤ በስተ ምሥራቅ ግን ሜዳ ነው፤ እዚያም ከድንበሬ ብዙም ሳይርቅ ኮምፒዩተሩ የሚመራው ጎረቤት አለ። እስካሁን ጦርነት አላወጀም፤ ይሁንና የወዳጅነት መግለጫዬን ደጋግሞ አልተቀበለም። ሃይማኖት መሥርቻለሁ፤ ስለዚህ የነቢዩ ሽሚያ አልቋል። አምስት ከተሞች አሉኝ፤ አራቱ ኮረብታ ላይ ናቸው።

ይህን ከግምት አስገብታችሁ ምክራችሁ ይለወጣል ወይ? ደግሞም ወታደር በእምነት መግዛት ከቴኦክራሲ ጋር የተያያዘ ካልሆነ፣ ሞናርኪን የመዝለል ምክንያት ይኖራል ወይ?

መልስ፦ ገበጣ

ይለወጣል። ነቢዩ ከተገኘ የ15 በመቶው ጭማሪ ለእርስዎ ያለው ጥቅም ቀንሷል፤ ጎረቤቱም የወዳጅነት መግለጫ የማይቀበል ከሆነ ሥጋት አለ። በዚህ ሁኔታ የዘብ ጠባቂ ምክር ያመዝናል፤ ኦሊጋርኪን ይያዙ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልጨምር፤ የኦሊጋርኪ 4 ኃይል ፈረሰኛን አይጨምርም። የኢትዮጵያ ልዩ ጦር የሆነው የኦሮሞ ፈረሰኛ ቀላል ፈረሰኛ ስለሆነ ከዚህ መንግሥት ምንም አያገኝም። ካስልስ የተባለው ቴክኖሎጂ ላይ ደርሰው ፈረሰኞችዎ ሲበዙ የኦሊጋርኪ ዘመን አብቅቷል ማለት ነው።

ስለ ሞናርኪ የጠየቁት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። በሁለተኛው ደረጃ ሦስት መንግሥታት አሉ፤ ሞናርኪ በዲቫይን ራይት፣ መርቻንት ሪፐብሊክ በኤክስፕሎሬሽን፣ ቴኦክራሲ በሪፎርምድ ቸርች ሲቪክ ይከፈታሉ። ዲቫይን ራይት የመካከለኛው ዘመን ሲሆን ሁለቱ ግን የህዳሴው ዘመን ናቸው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ከወጪው 40 በመቶ የሚቀንስ የራሱ ማነቃቂያ አለው። የዲቫይን ራይት ማነቃቂያ ሁለት ቤተ መቅደሶች መሥራት ነው፤ ይህን ምኒልክን የያዘ ሰው ሳያስበው ይፈጽመዋል። የኤክስፕሎሬሽን ማነቃቂያ ሁለት ካራቬል መርከቦች ናቸው፤ ደጋ ላይ ለተቀመጠ መንግሥት ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የሪፎርምድ ቸርች ደግሞ ሃይማኖትዎን የሚከተሉ ስድስት ከተሞች ናቸው፤ አምስት ከተማ ያለው ሰው አንድ ጨምሮ ቆርቁሮ፣ ወይም ወደ ጎረቤት አንድ ሚሲዮናዊ ልኮ ያሟላዋል።

ግራንድ ማስተርስ ቻፕልን ለመሥራት ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ያስፈልጋል፤ የትኛውም ይሁን። ስለዚህ በዲቫይን ራይት ቶሎ የደረሰ ተጫዋች ቻፕሉን ቀድሞ ሠርቶ፣ ጎረቤቱ ድንበር ሲሻገር የተጠራቀመ እምነቱን በአንድ ዙር ወደ ጦር ይለውጣል። የኦሮሞ ፈረሰኛ ኮረብታ ላይ ሲንቀሳቀስ እርምጃ አይቀነስበትም፤ ምኒልክም ኮረብታ ላይ 4 ኃይል ይጨምርለታል፤ በዚያ ላይ በእምነት የሚገዛ ከሆነ ለመከላከል ከዚህ የተሻለ ነገር በጨዋታው ውስጥ ብዙ አላውቅም። ከሞናርኪ ወደ ቴኦክራሲ ሲሻገሩም፣ ቴኦክራሲን ከዚያ በፊት ይዘውት ስለማያውቁ፣ መንግሥት አልባ ሆነው የሚቆዩበት ዙር አይኖርም። ያ ቅጣት የሚመጣው ቀድሞ ወደተዉት መንግሥት ሲመለሱ ነው።

መልስ፦ ዘብ ጠባቂ

እዚህ ላይ ደግሞ እኔ የመዘግየት ጠበቃ ልሁን። በመንግሥት አደባባይ የሚሠራው የእያንዳንዱ ደረጃ ሕንፃ የሚያስከትለው አንድ ነገር አለ፤ ሕንፃው ሲጠናቀቅ በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የውርስ ካርድ ይተዋል። ካርዱ ከዚያ መንግሥት ጥቅም የተወሰነውን በኋላ በሌላ መንግሥት ሥር ለመጠቀም ያስችላል። ቻፕሉን በሞናርኪ ዘመን ከጨረሱ የሚቀርዎት የሞናርኪ ውርስ ነው፤ የሞናርኪ ጥቅም ደግሞ ከከተማ ቅጥር የሚገኝ መኖሪያ ነው። በቴኦክራሲ ዘመን ከጨረሱት ግን የቴኦክራሲን ውርስ ይዘው ወደ ዴሞክራሲ ይሻገራሉ። ለባህል ድል ለሚጫወት ሰው የትኛው እንደሚበጅ ግልጽ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብዎ።

መልስ፦ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ

ክርክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ደስ ብሎኛል። በሞናርኪ ላይ የተሰነዘረው ትችት ምኒልክን ያህል ንጉሠ ነገሥት ለመረጠ ተጫዋች መነገሩ ትንሽ ፈገግ አሰኝቶኛል። የጨዋታው ሠሪዎች የምኒልክን ችሎታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብለው የሰየሙት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች መሾማቸውን መነሻ አድርገው ይመስለኛል። ያ ሹመት የተካሄደው ዘውዱ እንዳለ ሆኖ ነው። በጨዋታው ግን ምኒልክ ኮሙኒስት ሆኖ ፋብሪካ ሲያስፋፋ ማየት የተለመደ ነው፤ ለታሪክ የሚቆረቆር ሰው እዚያ ላይ ዐይኑን ይጨፍን።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ሁለታችሁም ያልመረመራችሁት መርቻንት ሪፐብሊክ አንድ ቃል ይገባዋል። በዲስትሪክት ግንባታ ላይ 15 በመቶ ምርት ይጨምራል፤ ሁለት የኢኮኖሚና ሁለት የዋይልድካርድ ቦታዎችም አሉት። የባህል ድል የቲያትር አደባባይ በየከተማው ይፈልጋል፤ አስር ከተማ ላለው ሰው ይህ መንግሥት ከሁለቱም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለአምስት ከተማ ግን ጥቅሙ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ለጠያቂው አልመክረውም።

በቻፕሉ ጉዳይ ላይ የኔ ፍርድ ከገበጣ ጋር ነው። የውርስ ካርድ ነጻ አይደለም፤ የሚቀመጠው በዋይልድካርድ ቦታ ላይ ነው። በዘመኑ መጨረሻ ዋይልድካርድ ላይ ሊቀመጡ የሚችሉ፣ ታላላቅ ደራሲያንና ሠዓሊያንን የሚያፋጥኑ ካርዶች አሉ፤ የቴኦክራሲ ውርስ ከእነሱ ጋር ይሻማል። በአንጻሩ ቻፕሉ የሚዘገይበት ጊዜ በትክክል ጎረቤቱ ጦርነት የሚያውጅበት ጊዜ ነው። ቦታ ይኑረው አይኑረው ላልታወቀ ካርድ ሲባል ዛሬ ያለ ጠባቂ መቆየት አያዋጣም። ጠያቂው ምሥራቁም ተራራ ቢሆንለት ኖሮ የዘብ ጠባቂን ምክር እከተል ነበር።

ስለ ሦስተኛው ደረጃ በአጭሩ ልናገር። ዴሞክራሲ፣ ኮሙኒዝም እና ፋሺዝም ስምንት ስምንት የካርድ ቦታ አላቸው፤ የሁለተኛው ደረጃ መንግሥታት ግን ስድስት ስድስት ብቻ። በቴኦክራሲ መቆየት ማለት ሁለት ካርድ መተው ማለት ነው። ሆኖም ቱሪዝም የሚያሳድጉት ናቹራሊስትና የሮክ ባንድ በእምነት ነጥብ ስለሚገዙ፣ 600 ነጥብ የሚጠይቀው በ510 ሲገኝ ቅናሹ በብዛት ለሚገዛ ሰው ሁለቱን ካርዶች ሊያካክስ ይችላል። በየጥቂት ዙሩ አንድ የሚገዛ ከሆነ ይቆይ፤ ብርቅ ከሆነበት ወደ ዴሞክራሲ ይሻገር፤ ከቃል ኪዳን አጋር አገር ጋር የሚደረገው ንግድ ለሁለቱም ወገን ምግብና ምርት ያመጣልና። ፋሺዝም ለዚህ ግብ አይሆንም። ኮሙኒዝም አስተዳዳሪ ባለበት ከተማ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 0.6 ምርት ይሰጣል፤ ትላልቅ ከተሞች ላሉት ሰው ያገለግላል፤ ተራራ መሀል የተቆረቆሩ ከተሞች ግን በምግብ እጥረት ምክንያት ብዙ ጊዜ አያድጉም።

መልስ፦ ኮረብታዬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ኦሊጋርኪን ይዤ ምሥራቁን በጦረኞች እዘጋለሁ፤ ሁለተኛውን ቤተ መቅደስ እንደጨረስኩ ዲቫይን ራይትን አስቀድማለሁ፤ ቻፕሉን በሞናርኪ እሠራለሁ፤ ስድስተኛውን ከተማ ቆርቁሬ ሪፎርምድ ቸርች ላይ ስደርስ ወደ ቴኦክራሲ እሻገራለሁ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ የመንግሥት አደባባዩን የት ልሥራው? ዋና ከተማዬ ኮረብታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ ድንበር ያለችው ከተማ ደግሞ ታማኝነቷ እየወረደ ነው።

መልስ፦ ገበጣ

አደባባዩ ለተሠራበት ከተማ 8 የታማኝነት ነጥብ ይሰጣል፤ ከጎኑ ላሉ ዲስትሪክቶችም አንድ አንድ የጉርብትና ጭማሪ ይሰጣል። ጭማሪው ብቻ ቢሆን ዋና ከተማዎ ላይ፣ በቅዱስ ስፍራውና በቲያትር አደባባዩ መካከል ይሥሩት እል ነበር። የምሥራቋ ከተማ በእርግጥ ልታምፅ ከተቃረበች ግን እዚያ ይሁን። ከዚያ በፊት አንድ አስተዳዳሪ ልከው ጥቂት ዙር ይጠብቁ፤ የተሾመ አስተዳዳሪም 8 ነጥብ ስለሚሰጥ፣ እሱ ብቻውን ታማኝነቷን ካረጋጋው አደባባዩን ለዋና ከተማው ያስቀሩት። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሌላ አደባባይ አይፈቀድም።